«ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት» (1967)፦ ይህ ፊልም እስከ ዛሬ ሰው የሚይዘው በምኑ ነው?

ጥላና_ብርሃን ጻፈ፦

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ዘረኝነትን የሚያወግዙ የድሮ የሆሊውድ ፊልሞች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹን ዛሬ ስትከፍቷቸው ግን ገጸ ባሕርያቱ ንግግር ያደርጋሉ፣ ሙዚቃው መቼ ማልቀስ እንዳለብን ይነግረናል፣ ሲያልቅም ከሰው ጋር የሚቀር ነገር የለም። ኖርማን ጀዊሰን ያዘጋጀው ይህ ፊልም ግን ስለ አሜሪካ ደቡብ ምንም የማያውቅ ወጣት ፊት ሲቀርብም 110 ደቂቃውን ሙሉ ያስቀምጠዋል። ፊልም ለሚማሩ ልጆች አሳይቶ ለመወያየት ላሰበ ሰው መነሻ እንዲሆን ነው ክሩን የከፈትኩት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። መጨረሻውንም ስለምናወራ ያላየ ሰው አስቀድሞ ቢያየው ይሻላል።

ታሪኩ ባጭሩ፦ ሚሲሲፒ ውስጥ ስፓርታ በምትባል ትንሽ ከተማ ፋብሪካ ሊተክል የመጣ የቺካጎ ባለሀብት፣ ሚስተር ኮልበርት፣ ሌሊት ተገድሎ መንገድ ላይ ይገኛል። ሳም ዉድ የተባለው ፖሊስ ባቡር ጣቢያ ቁጭ ብሎ ባቡሩን የሚጠብቅ አንድ ጥቁር ሰው ያያል። ኪሱ ሲፈተሽ ገንዘብ ተገኘ፤ ለመታሰር ይኸው በቃ። ሰውየው ቨርጂል ቲብስ (ሲድኒ ፖይትየር)፣ የፊላደልፊያ ፖሊስ የግድያ ወንጀል መርማሪ ነው። የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ጊሌስፒ (ሮድ ስታይገር) እየተናነቀው ከሱ ጋር ይሠራል።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ፊልሙ ያላረጀው ስለ ፍትሕ ስለማይናገር ነው። የሚያሳየን ሥራ ነው። የሬሳውን ክፍል ትዕይንት ተመልከቱ፦ ቲብስ የሚያስፈልገውን ይጠይቃል፣ የሬሳውን ጣትና መገጣጠሚያ ይነካል፣ የመድረቁን ደረጃ ያያል፣ ሞቱ የአገሬው ሐኪም ከገመተው ሰዓት ቀደም ብሎ እንደሆነ ይደርስበታል። ካሜራው እጆቹን ይከተላል። ዙሪያውን የቆሙት ነጮች ዝም ብለው ያያሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ማን ማንን እንደሚበልጥ አንድም ሰው አልተናገረውም፤ ተመልካቹ ግን አይቶታል።

ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ኤዲቲንጉ፣ ስለ ድምፁና ስለ ዘመኑ የምታውቁ ጨምሩበት።


የታሪክ_ወዳጅ ጻፈ፦

ዘመኑን ያላወቀ ሰው ግማሹን ያጣዋል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ላስቀምጥ።

በአሜሪካ በዘር መለያየትን የከለከለው የሲቪል መብት ሕግ የወጣው በ1964፣ የምርጫ መብት ሕጉ ደግሞ በ1965 ነው። ፊልሙ የተቀረጸው በ1966 መኸር፣ ለእይታ የበቃው በነሐሴ 1967። ስለዚህ በታሪኩ ውስጥ ሕጉ ተለውጧል፤ ለሕጉ የሚገዛ ሰው ግን በከተማዋ የለም። ፊልሙ ያለው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው፣ ዛሬም የሚሠራበት ትልቁ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ሕግ ከወጣ በኋላ ሰው እንዴት አብሮ እንደሚሠራ የሚጠይቅ ፊልም ጥያቄው ቶሎ አያልቅበትም።

ፖይትየር ወደ ደቡብ ሄዶ ለመቅረጽ ፈቃደኛ አልነበረም። በ1964 ክረምት ከዘፋኙ ሃሪ ቤላፎንቴ ጋር ለመብት ታጋዮቹ ገንዘብ ይዘው ግሪንዉድ፣ ሚሲሲፒ ሲደርሱ ኩ ክለክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን ሰዎች በመኪና አሳደዋቸዋል። በዚያው ክረምት ሦስት ወጣት ታጋዮች፣ ቼኒ፣ ጉድማንና ሽዌርነር፣ እዚያው ሚሲሲፒ ውስጥ ተገድለዋል። የተገደሉበት አካባቢ ከተማ ስሟ ፊላደልፊያ ነው። ቲብስ «ከፊላደልፊያ ነኝ» ሲል የ1967 ተመልካች ሁለቱንም ከተሞች ይሰማ እንደነበር አስቡት።

ስለዚህ ቀረጻው በአብዛኛው ኢሊኖይ ውስጥ፣ እውነተኛዋ ስፓርታ ተካሄደ። በታሪኩ ውስጥ ያለችው ከተማም ስፓርታ የተባለችው የውኃ ታንከሩንና የመንገዱን ጽሑፍ እንዳለ ለመጠቀም ነው። ለጥጥ እርሻው ትዕይንት ብቻ ጥቂት ቀን ወደ ዳየርስበርግ፣ ቴነሲ ወርደዋል። ከመኪናው መስኮት ጥጥ የሚለቅሙት ሰዎች የሚታዩበትን ያንን አጭር ጉዞ ልብ በሉ። ጊሌስፒ ለቲብስ ጥጥ መልቀም ላንተ አይደለም እንደማለት የሚወረውራት ቃል አለች፤ ቲብስ አይመልስም።

መነሻው ጆን ቦል በ1965 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። እዚያ ሟቹ የሙዚቃ መሪ ነው፣ ቲብስም ከካሊፎርኒያ ነው የመጣው። የስክሪፕቱ ጸሐፊ ስተርሊንግ ሲሊፋንት ሟቹን ፋብሪካ ተካይ ማድረጉ ታሪኩን በሙሉ ለወጠው፤ ይህን ግን ሕግ የሚያውቁ ቢያብራሩት ይሻላል።


ላይት_ሜትር ጻፈ፦

የካሜራው ባለሙያ ሃስኬል ዌክስለር ነው። ይህ ፊልም በቀለም ከተሠሩት ትልልቅ የሆሊውድ ሥራዎች ውስጥ ለጥቁር ተዋናይ ቆዳ ታስቦ መብራት ከተዘጋጀባቸው ቀዳሚዎቹ አንዱ ተብሎ ይጠቀሳል። ዌክስለር የተለመደው ጠንካራ መብራት በጠቆረ ቆዳ ላይ ከመጠን ያለፈ ነጸብራቅ እንደሚፈጥር አይቶ በፖይትየር ላይ አለዝቦታል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ግራ ይገባዋል፤ «ጠቆር ያለ ሰው ብዙ መብራት አይፈልግም እንዴ?» ይላል። መልሱ የሚፈልገው ሌላ ዓይነት መብራት ነው የሚል ነው። ለአዲስ አበባ ቀረጻም በቀጥታ ስለሚጠቅም ዘርዘር ላድርገው። ከዚህ በታች ያለው የሙያው የተለመደ አሠራር ነው፤ ዌክስለር በዚህ ትዕይንት ይህን መሣሪያ ተጠቀመ ማለቴ አይደለም።

ነጣ ያለ ቆዳ ብርሃኑን በትኖ ይመልሳል፤ ፊቱ እኩል ይበራል። የጠቆረ ቆዳ ቅርጹ የሚታየው ይበልጡን በነጸብራቅ ነው፤ ግንባር፣ ጉንጭና አፍንጫ ላይ የምታዩት የመብራቱን የራሱን ምስል ነው። መብራቱ ትንሽና ጠንካራ ከሆነ ነጸብራቁ ትንሽና የሚወጋ ነጥብ ይሆናል፤ ዙሪያው ይጨልማል። መብራቱ ሰፊ ከሆነ፣ ለምሳሌ 1 ሜትር ተኩል ስፋት ባለው ነጭ ፎም ላይ ተንጸባርቆ ከጎን ከመጣ፣ ነጸብራቁ ሰፍቶ ፊቱን ይቀርጻል።

ችግሩ የሚከፋው ሁለት የተለያየ ቆዳ ያላቸው ሰዎች በአንድ ሾት ሲገቡ ነው፤ ይህ ፊልም ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሱ ነው። በስፖት ሜትር (የአንዲትን ነጥብ ብርሃን በሚለካው መሣሪያ) ስትለኩ ነጣ ያለ ፊት ከመካከለኛው ግራጫ አንድ ስቶፕ (ብርሃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ የሚሆንበት መለኪያ) ያህል ከፍ ብሎ፣ የጠቆረው ደግሞ አንድ ስቶፕ ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። የሁለቱ ልዩነት ሁለት ስቶፕና ከዚያ በላይ ነው። የዚያን ዘመን የኮዳክ ቀለም ኔጋቲቭ ፍጥነቱ (ብርሃን የመቀበል አቅሙ) 50 ብቻ ነበር፤ የሌሊት ትዕይንት በዚያ መቅረጽ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ።

መፍትሔው ሁለቱን እኩል ማድረግ አይደለም፤ እኩል ካደረጋችኋቸው ሁለቱም ሐሰት ይመስላሉ። ልዩነቱን አንድ ስቶፕ ያህል ማጥበብ ይበቃል። ቀላሉ ዘዴ ርቀት ነው፦ የጠቆረው ሰው ከመብራቱ 2 ሜትር ላይ ሲቆም ነጣ ያለው 2 ሜትር ከ80 ላይ ቢቆም የሁለተኛው ብርሃን በአንድ ስቶፕ ይቀንሳል። ቦታው ካልፈቀደ በነጣው ሰው በኩል ብርሃን የሚቀንስ መረብ መብራቱ ፊት ይደረጋል፤ ነጠላው ግማሽ ስቶፕ፣ ድርቡ አንድ ስቶፕ ገደማ ይቀንሳል።

የተለመዱት ስሕተቶች እነዚህ ናቸው። ጠቆር ያለውን ሰው ጥቁር ግድግዳ ፊት ማቆም፦ ራሱ ከጀርባው ጋር ይዋሃዳል፤ ከኋላው ያለውን ግድግዳ ማብራት ፊቱን ከማብራት ይቀድማል። ነጭ ሸሚዝ ማልበስ፦ ካሜራው ለሸሚዙ ሲል ፊቱን ያጨልማል። በስልክ ስትቀርጹም ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) ፊቱ ላይ ነክታችሁ ካልቆለፋችሁት ነጭ ግድግዳ በገባ ቁጥር ፊቱ ይጠፋል። በመጨረሻም ላብ። በዚህ ፊልም ሁሉም ሰው ያልበዋል፣ ላቡ ግን ተለክቶ የተቀመጠ ነው። ፓውደር ሳይነኩ ግንባርን በሙሉ ማብረቅረቅ ሌላ ነገር ነው።


ሞንታዥ ጻፈ፦

ላይት ሜትር፣ እጅህ ይባረክ። እኔ ስለ ጥፊው ልጨምር፤ ስለዚህ ፊልም ሲወራ ሁሉም የሚያስታውሰው እሱን ነው።

ኤንዲኮት የጥጥ እርሻው ባለቤት፣ የከተማው ባለ ሀብት፣ ኦርኪድ በሚያበቅልበት የመስታወት ቤት ውስጥ ይቀበላቸዋል። ቲብስ አበቦቹን ያውቃቸዋል፤ ሁለቱ ሰዎች በትሕትና ያወራሉ። ኤንዲኮት ኦርኪዱን ከጥቁር ሕዝብ ጋር አመሳስሎ ሁለቱም እንክብካቤ ይፈልጋሉ ይላል። ወዲያው ቲብስ የመጣው ሊጠይቀው እንደሆነ ሲገባው በጥፊ ይመታዋል። ቲብስም ይመልስለታል።

ኤዲተሩ ሃል አሽቢ እዚህ ያደረገውን እዩት። በሁለቱ ጥፊዎች መሃል ምንም ክፍተት የለም። የቲብስን የተቆጣ ፊት በክሎዝ አፕ አላሳየንም፣ ሲያስብ አላየነውም፤ እጁ ቀደመ። እዚያ ላይ አንድ ሰከንድ ቢጨመር ኖሮ ጥፊው የበቀል ውሳኔ ይሆን ነበር። አሁን ግን ማንኛውም ሰው የሚያደርገው ነገር ሆነ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ጊዜውን ይለጥጠዋል። ኤንዲኮት ወደ ጊሌስፒ ዞሮ አይተሃል አይደል፣ ምን ልታደርግ ነው ይለዋል፤ ጊሌስፒ አላውቅም ይላል። ሎሚናት የያዘው ጥቁር አገልጋይ ቆሞ ያያል። ሁለቱ ከወጡ በኋላ ኤንዲኮት ብቻውን ያለቅሳል። ድርጊቱ የወሰደው ቅጽበት ነው፤ ትዕይንቱ የተሠራው በአራቱ ሰዎች ዝምታ ነው። ለተማሪ የምመክረው፣ ይህን ክፍል አንድ ጊዜ በድምፅ፣ አንድ ጊዜ ያለ ድምፅ፣ ቀጥሎ እያንዳንዱን ቆረጣ በወረቀት እየጻፈ እንዲያየው ነው።

ጥፊው ከየት መጣ የሚለው ላይ ሁለት አነጋገር አለ። ፖይትየር በኋላ ላይ እኔ ነኝ ያስጨመርኩት፣ በየትኛውም ቅጂ እንዳይቆረጥም ቃል አስገብቻለሁ ብሎ ተናግሯል። የፊልሙ ሰዎች ደግሞ ቀድሞም ስክሪፕቱ ውስጥ ነበር ይላሉ፤ የቆዩት ረቂቆችም ይህንን ይደግፋሉ። በልብ ወለዱ ግን የለም።


የቃሊቲ_ልጅ ጻፈ፦

አንድ ጥያቄ። ጥፊው ይህን ያህል ከባድ ነገር ሆኖ እንዴት ጊሌስፒ ዝም አለ? ያን ጊዜ ጥቁር ሰው ለዚህ አይገደልም ነበር?


የታሪክ_ወዳጅ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ፊልሙ ራሱ ይመልስልሃል። ከንቲባው ቀጥሎ ባለው ትዕይንት ለጊሌስፒ ከአንተ በፊት የነበረው አዛዥ ቢሆን ኖሮ ቲብስን እዚያው ተኩሶ ራሴን ስከላከል ነው ይል ነበር ይለዋል። ጊሌስፒ ራሱም ለከተማዋ አዲስ ነው፤ ሰዎቹ አይወዱትም፣ ቢሮው የተበላሸ ነው፣ ብቻውን ይኖራል። እሱም በከፊል ጸጉረ ልውጥ መሆኑን ካላየን ለምን ከቲብስ ጋር መሥራት እንደቻለ አይገባንም።


ሕግና_ሥርዓት ጻፈ፦

የተጠየቅኩትን ልመልስ። ሟቹን ፋብሪካ ተካይ ማድረግ የፊልሙን ሞተር ቀየረው። ቲብስ በምርመራው እንዲቆይ ያደረገው የጊሌስፒ ሕሊና አይደለም። የሟቹ ሚስት (ሊ ግራንት) ናት፦ ይህ መርማሪ ከተነሣ መሐንዲሶቹን ይዤ እሄዳለሁ፣ ፋብሪካውም ይቀራል ትላለች። ከተማዋ ድሃ ናት፤ ፋብሪካው ሥራ ነው። ስለዚህ ጥቁሩ መርማሪ የተከበረው ስላስፈለገ ነው። ይህ መራራ ነገር ነው፣ ፊልሙም አላለሰለሰውም።

ሌላው ብዙ ሰው የማይቆጥረው ነገር የሐሰት ክሶቹ ሰንሰለት ነው። ቲብስ ለምን ታሰረ? ገንዘብ ስለተገኘበት። ቀጥሎ ሃርቪ ኦበርስት የተባለው ወጣት ነጭ የሟቹን ቦርሳ ይዞ ተገኘ፤ ከሬሳው ላይ አንሥቶት ነበር። ጊሌስፒ ነገሩ ተዘጋ አለ። ቲብስ ግን ሃርቪ ግራኝ መሆኑን አየ፤ የመታው ሰው ደግሞ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ነው። ሦስተኛ፣ ጊሌስፒ የራሱን ፖሊስ ሳም ዉድን ባንክ ገንዘብ አስገብቶ ስለተገኘ አሰረው። ቲብስ እንደገና፦ ሟቹ የተገደለው ሌላ ቦታ፣ ፋብሪካው በሚሠራበት ሥፍራ ነው፤ በገዛ መኪናው ነው ወደ ከተማ የመጣው፤ ሳም በአንድ ጊዜ ሁለት መኪና ሊነዳ አይችልም። ሦስቱም ክሶች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ገንዘብ የተገኘበት ሰው ወንጀለኛ ነው ተባለ።

አራተኛውን የሐሰት ጥርጣሬ የሚያነሣው ራሱ ቲብስ ነው። በሟቹ መኪና የፍሬን ፔዳል ላይ ኦርኪድ የሚተከልበትን፣ ፈርን የተባለውን ተክል ሥር ቁራጭ አገኘ፤ ወደ ኤንዲኮትም መራው። ከጥፊው በኋላ ግን ማስረጃውን ተሻግሮ ያንን ሰው ከኮረብታው ላይ ማውረድ ፈለገ። ጊሌስፒ አይቶት አንተም እንደኛው ነህ ማለት ነው ይለዋል። በእኔ ግምት የፊልሙ ልብ እዚህ ነው። ጀግናው ፍጹም ሲሆን ታሪኩ ተረት ይሆናል። ቲብስ የተሳሳተው ልክ ጊሌስፒ በተሳሳተበት መንገድ፣ ጥፋተኛው ማን እንዲሆን እንደሚፈልግ አስቀድሞ በመወሰን ነው። ገዳዩ ራልፍ፣ ማታ ማታ ምግብ ቤቱ ውስጥ የሚቆመው ልጅ፣ ማንም ያላየው ሰው ሆኖ ተገኘ።

ከሌላው ስመ ጥር ፊልም፣ በ1962 ከወጣው «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። እዚያ አላባማ ውስጥ አንድ ጥቁር ሰው ነጭ ልጅ ደፈርክ ተብሎ በሐሰት ይከሰሳል። ግራኝነት እዚያም አለ። የልጅቷ ፊት የተመታው በቀኝ በኩል ነው፣ የተከሳሹ የቶም ሮቢንሰን ግራ እጅ ደግሞ ሽባ ነው፣ አባቷ ግራኝ መሆኑ ፍርድ ቤት ፊት ሲጽፍ ይታያል። ማስረጃው ከዚህኛው የጠራ ነው። ነጮች ብቻ የተቀመጡበት ዳኝነት ግን ጥፋተኛ አለው። በአላባማ ይህ ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ የስኮትስቦሮዎቹ ዘጠኝ ጥቁር ወጣቶች በሐሰት የአስገድዶ መድፈር ክስ በ1931 ታስረው፣ ጥቁሮችን ከጁሪ (ፍርድ ከሚሰጡት ተራ ዜጎች) ማግለል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የወሰነው በ1935 ነው። እንግዲህ አንዱ ፊልም ማስረጃ ብቻውን ምንም እንደማያደርግ ያሳያል። ሌላው ደግሞ ማስረጃ የሚሰማው ሰሚው ሲቸግረው እንደሆነ። ሁለቱን በተከታታይ ሳምንት ማሳየት ጥሩ ውይይት ያወጣል።


ሰምና_ወርቅ ጻፈ፦

እህት ወንድሞቼ፣ የተባለው ሁሉ ደስ ይላል፤ የተተቸበትንም እንናገር። ፊልሙ በወጣበት ዓመት ፖይትየር ሦስት ትልልቅ ፊልም ነበረው። በሦስቱም ነጮች መሃል ያለ፣ የተማረ፣ ልብሱ የማይጨማደድ ጥቁር ሰው ነው። በመስከረም 1967 ክሊፎርድ ሜሰን የተባለ ጥቁር ጸሐፌ ተውኔት በኒውዮርክ ታይምስ ላይ ነጭ አሜሪካ ፖይትየርን ለምን እንዲህ ወደደችው ብሎ በብርቱ ጽፏል። ጥቁሩ ደራሲ ጄምስ ባልድዊንም በኋላ የባቡር ጣቢያውን ስንብት ሆሊውድ ለፍቅር ፊልም መዝጊያ ከሚያደርገው መሳሳም ጋር አያይዞ አንብቦታል፤ ዕርቅ እንደተፈጸመ የሚያስመስል መዝጊያ ነው።

ይህ ትችት ባዶ አይደለም። ቲብስ ቤት የለውም፣ ወዳጅ የለውም፣ ማታ የሚያርፍበት የጥቁር መካኒክ ቤት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ታይቶ ይጠፋል። ጽንስ የምታስወርደውን ማማ ካሌባን የምትጫወተው ቢያ ሪቻርድስ ለአጭር ጊዜ ብቅ ብላ ትዕይንቱን ሙሉ በሙሉ ትወስደዋለች፤ ካሜራው ግን ተመልሶ አያያትም። የከተማዋ ጥቁር ሕዝብ ምን ያስባል? ፊልሙ አልጠየቀም።

እኛንም የሚመለከት ክፍል አለው። ኃይሌ ገሪማ አሜሪካ የገባው በዚያው በ1967 ነው። ቲያትር ለማጥናት ቺካጎ፣ ከዚያም ሎስ አንጀለስ ያለው ዩኒቨርሲቲ ዩሲኤልኤ። እዚያ ከጥቁሩ ፊልም ሠሪ ቻርልስ በርኔትና ከሌሎች ጋር ያደገበት ትውልድ ሆሊውድ ከሰጠው የአንድ ፍጹም ጥቁር ሰው ምስል ወጥቶ ሰፈርን፣ እናቶችን፣ ሥራ ፈቶችን፣ ታሳሪዎችን መቅረጽ ጀመረ። ስለ ባርነት የሠራው «ሳንኮፋ» በ1993 ሲወጣ አከፋፋይ ስላላገኘ ኃይሌ ራሱ ሲኒማ እየተከራየ ነው ያሳየው። ሁለቱን ዓይነት ፊልም አጠገብ ለአጠገብ ያላየ ተማሪ የአንዱን ጥንካሬም የሌላውን ምክንያትም አያገኘውም።


ጥላና_ብርሃን ጻፈ፦

ሰምና ወርቅ፣ ትልቅ ነገር ነው ያነሡት። እኔ ግን አንድ ቦታ ላይ እለያለሁ። ስንብቱ ዕርቅ አይመስለኝም። ጊሌስፒ ሻንጣውን ተሸክሞለት ባቡሩ ድረስ ይሸኘዋል፤ ራስህን ጠብቅ ይለዋል፤ ቲብስ ፈገግ ይላል። ይቅርታ አልተጠየቀም። ማንም እኔ ተለውጫለሁ አላለም። ከዚያ ቀደም ብሎ የታየው ነገር፣ በጊሌስፒ ቤት የመጠጡ ትዕይንት፣ ይህንን ያስረዳል፦ ጊሌስፒ ብቸኝነቱን ከፍቶ ይናገራል፣ ቲብስም ከአንተ አልብስም ይለዋል፤ ወዲያው ጊሌስፒ ያንን የንቀት ቃል መልሶ ይወረውራል። ርኅራኄ ከጥቁር ሰው መቀበል አቃተው። ሁለት ሰዎች ይህን ያህል ከተቀራረቡ በኋላ ወደየቦታቸው የሚመልሳቸው ስክሪፕት ብርቅ ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ይበልጥ።


ሰምና_ወርቅ ጻፈ፦

የመጠጡን ትዕይንት እቀበላለሁ፤ ከጠቅላላው ፊልም የበለጠ ሐቀኛው እሱ ነው። ስንብቱ ግን ከሱ በኋላ መምጣቱ ነው የሚያስቸግረኝ። ተመልካቹ ከሲኒማው ይዞት የሚወጣው ፈገግታውን ነው። በዚያ ክረምት የኒዋርክና የዲትሮይት ከተሞች በጥቁሮች አመፅ እየተቃጠሉ ነበር።


ድምፅ_ሰሚ ጻፈ፦

ሙዚቃው የኩዊንሲ ጆንስ ነው፤ የመክፈቻውን ዘፈን ሬይ ቻርልስ ይዘፍነዋል፣ ግጥሙ የአላንና የማሪሊን በርግማን ነው። የደበዘዘ መብራት ከጨለማው ውስጥ እየጠራ ባቡር ሲሆን ከዘፈኑ ጋር ተያይዞ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ግን ሙዚቃው ብዙ ቦታ ይጠፋል። ጥፊው ላይ ሙዚቃ ቢኖር ኖሮ ያበላሸው ነበር። ድምፁን ለብቻ ስሙት፦ ፌንጣዎች፣ የቬንቲሌተር ጉርምርምታ፣ በሩቅ የሚያልፍ ባቡር፣ የጊሌስፒ ማስቲካ። ስታይገር ማስቲካውን ሲያኝክ ፍጥነቱን አስተውሉ፤ የሚያቆመው ሲገረም ወይም ሲፈራ ነው፣ ከፊቱ ቀድሞ መንጋጋው ይናገራል። ሙቀቱም በአብዛኛው በድምፅና በላብ የተፈጠረ ነው፤ ኢሊኖይ በመኸር ብርድ ነበር።

በ40ኛው ኦስካር አምስት ወስዷል፦ ምርጥ ፊልም፣ ተዋናይ (ስታይገር)፣ ከመጽሐፍ የተወሰደ ስክሪፕት፣ ኤዲቲንግና ድምፅ። ሥነ ሥርዓቱ ሚያዝያ 8 ቀን 1968 ሊሆን ታስቦ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሚያዝያ 4 በመገደሉ ወደ 10 ተላለፈ። ፖይትየር ለዕጩነት እንኳ አልቀረበም።


የቃሊቲ_ልጅ ጻፈ፦

አሁን ተግባሩን ንገሩኝ። አንድ ተራ ክፍል ውስጥ በፕሮጀክተር ለማሳየት ምን ልጠንቀቅ?


ፕሮጀክተር ጻፈ፦

ለዚህ ፊልም ቀዳሚው ጠላት ብርሃን ነው። ብዙ ትዕይንቱ ሌሊት ነው፤ መስኮት በቀጭን መጋረጃ ከሸፈንክ የፖይትየር ፊት ግድግዳው ላይ ግራጫ ይሆናል፣ ላይት ሜትር የጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ጥቁር ጨርቅ ወይም ካርቶን ተጠቀም፤ ካልሆነ ሲመሽ አሳየው። ፕሮጀክተሩን «ሲኒማ» በሚለው ላይ አድርገው፤ «ዳይናሚክ» ወይም «ቪቪድ» የሚለው የነጮቹን ፊት አቃጥሎ የጥቁሮቹን ይደፍናል። የእንቅስቃሴ ማለስለሻውን (motion smoothing) አጥፋው፣ ፊልሙን የቴሌቪዥን ድራማ ያስመስለዋል።

የምስሉ ቅርጽ (ስፋቱ ለቁመቱ) 1.85 ለ 1 ነው፤ 16 ለ 9 ላይ ከላይና ከታች ቀጭን ጥቁር መስመር ቢታይ ትክክል ነው፣ ለመሙላት ብለህ አታጉላው። ለድሮ ቴሌቪዥን 4 ለ 3 ተደርጎ የተቆረጠ ቅጂ አትውሰድ፤ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ክፈፍ ውስጥ ያላቸው ርቀት ነው የሚበላሸው። የታደሱ ቅጂዎች በብሉሬይ ወጥተዋል፣ በ4ኬም አለ። ድምፁ ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) ነው፤ የሰራውንድ ማስመሰያውን አጥፍተህ ሁለት ስፒከር ከምስሉ ግራና ቀኝ በእኩል አስቀምጥ። ንግግሩ የደቡብ አነጋገር ስለሆነ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከታች ይኑር።

በስሙ የሚጠራ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ከ1988 እስከ 1995 ታይቷል፤ ፋይል ስትፈልግ እሱን እንዳታወርድ ዓመተ ምሕረቱን አረጋግጥ።


ሕግና_ሥርዓት ጻፈ፦

ለአስተዋዋቂው ደግሞ፦ ፊልሙ ውስጥ ጽንስ ማስወረድ፣ በመስኮት የምትታይ እርቃኗን ያለች ልጅና ተደጋጋሚ የዘር ስድብ አለ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያሳይ ሰው አስቀድሞ ይናገር። ውይይቱን ለማስነሣት ፊልሙን ሁለት ቦታ ብቻ አቁመው። አንደኛው ሃርቪ በድልድዩ ላይ ከተያዘ በኋላ፤ «ማን ነው ገዳዩ?» ብለህ መልሱን በወረቀት አስጽፍ። ሁለተኛው ከኤንዲኮት ቤት እንደወጡ፤ ያንኑ ጥያቄ ድገመው። ብዙው ተመልካች ሁለተኛው ላይ ኤንዲኮት ብሎ ይጽፋል። ወረቀቶቹን ሰብስበህ ያዝና ራልፍ ሲያዝ አንብባቸው።


የቃሊቲ_ልጅ ጻፈ፦

እግዜር ይስጥልን ጋሼ። ጥፊው ላይ ግን አላቆምም?


ሞንታዥ ጻፈ፦

እዚያ አታቁም። አሽቢ የለጠጠውን ዝምታ ትቆርጠዋለህ። ኤንዲኮት አልቅሶ ትዕይንቱ ሲቀየር፣ መኪናው ውስጥ ሲገቡ ያን ጊዜ አቁመው።